በበረኪና የታጠቡ ጠጠሮች

እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ። ይህን ደብረ ታቦር ላይ ልብስ ያሰፋብኝ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጠሮው ሳይደርስ መጥቶ «አላለቀም እንዴ?» ያለኝን ደንበኛ ከነጨርቁ ወደ ገበያው የመለስኩበት ቀን አለ። ልጄ ከታመመች በኋላ ግን ቁጣዬ ሁሉ አንድ ሥራ አገኘ፤ በር መጠበቅ። የስፌት መኪናዬን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥቼ በመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩና እየሰፋሁ የግቢውን በር አያለሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። የደም ካንሰር ነው አሉን። ባሕር ዳር ሆስፒታል ለወራት ተኛች፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ ጉንጯ በመድኃኒቱ አበጠ። በኋላ ሐኪሙ «ደህና እየሆነች ነው፤ ቤቷ ትሁንና ለመድኃኒቱ በየጊዜው እየመጣችሁ ትመለሳላችሁ» ሲለን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲገድል በሽታ የሚከላከልላትንም ኃይል አብሮ እንደሚያደክመው፣ ሌላውን ልጅ ለሳምንት አሳክኮ የሚለቀው ጉድፍ እሷን ሊገድላት እንደሚችል ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

ጉድፍ ሲባል ኩፍኝ እንዳይመስላችሁ። ውሃ እየቋጠረ መላ አካል ላይ የሚወጣው ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ሆኖ ያልወጣበት ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ በእኔም ወጥቶብኝ ያውቃል።

«ጉድፍ ደግሞ ሰው ይገድላል?» አልኩት።

«የእርስዎን ልጅ ይገድላል» አለኝ።

ከዚያ ስለ አንድ መርፌ ነገረኝ። ከጉድፍ የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ ተከላካይ ይቀራል። ያንን ከብዙ ሰው ደም አጣርተው መድኃኒት ያደርጉታል። የሷ ሰውነት መሥራት ያቃተውን ከሌላው ሰው ተውሰን እንሰጣታለን አለኝ። «ጉድፍ ያለበት ልጅ አጠገቧ ከደረሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልኝ። ቶሎ ከተወጋች ሳይወጣባት ሊቀር ይችላል፣ ቢወጣም ይቀልላታል። አሥር ቀን ካለፈ ግን ብዙም አይጠቅማትም። መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ ማፈላለጉ ራሱ ቀን ይበላል።» እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው። ማን እንደታመመ ቶሎ ማወቅ አለብኝ።

እኛ ሰፈር ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲመለስ ቤቱን ሰው ይሞላዋል። «እንኳን እግዚአብሔር ማራት» ሳይሉ መቅረት ነውር ነው። ሰው ሕፃኑን አዝሎ፣ እርጎውን ወይ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፤ ግንባሯን ካልሳመ የጠየቃት አይመስለውም። እኔ የግቢው በር ላይ ገመድ ወጠርኩ፤ እንዲታይ ብዬ ቀይ ብጣሽ ጨርቅ አሰርኩበት፤ ከገመዱ ወዲያ የፕላስቲክ ወንበሮች ደረደርኩ። ጠያቂ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ጠይቆ ይሄዳል። የነፍስ አባታችን እንኳ መስቀላቸውን ከውጭ ሆነው አነሡላት። አንዲት አሮጊትን «እመት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚያው ሆነው ይመርቁልኝ» ብላቸው «ምርቃት እንደ ድንጋይ ይወረወራል እንዴ?» ብለው ቆጣ አሉ። ቆይተው ግን መረቋት። «ልጇን እንደ ጥጃ አሰረቻት» እየተባልኩ መታማቴንም ሰምቻለሁ። ይበሉ፤ ሐሜት አይገድላትም።

የከበደኝ የጓደኛዋ ነገር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ሁለታችንም በአንድ ክረምት ነው የወለድነው። እኔ ገበያ ስውል ልጄን እሷ ታበላታለች፣ እሷ ስትውል የእሷን እኔ። ልጆቹ ቅልብልቦሽ ይወዳሉ፤ ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ መሬት ያለውን አፍሶ መቅለብ ነው። ልጄ ስትታመም መሮጥ አቃታት እንጂ ቅልብልቦሽ ተቀምጣም ትጫወታለች። ሰው ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ሲቀር አልከፋትም። ጓደኛዋ ስትቀር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። አንጀቴ አልቻለም።

ሐኪሙን በስልክ ጠየቅሁት። ጤነኛ ከሆነች፣ እጇን ታጥባ፣ አንድ ልጅ ብቻ ትግባ አለኝ። ጎረቤቴን ጠርቼ አስማልኳት። «ትኩሳት ይሁን፣ ሳል ይሁን፣ አንዲት ሽፍታ ትሁን፣ ልጅሽ ላይ ያየሽውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ» አልኳት። «እንዴ፣ እኔስ ለልጅሽ እናቷ አይደለሁ?» አለችኝ። ነበረች። ይህን ዛሬም አልክድም።

ከዚያ ወዲህ ጠጠሮቹን በበረኪና እያጠብኩ፣ የልጅቱን እጅ በሳሙና እያስፈተግሁ አስገባት ጀመር። እሷ ብልጥ ነበረች፤ ለመደችው። ገመዱ ጋ ስትደርስ ቆም ትልና ሁለት መዳፏን ዘርግታ «አሽትቺኝ» ትለኛለች። አሸታታለሁ። ሳሙና ሳሙና ካለች ትገባለች።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተጫወቱት በዓለ ሃምሳ ላይ ነው። የዚያን ቀን ልጅቱ ምንም የላትም፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ወሬዋ አያልቅም። ልጄ አሸንፋት ኖሮ ከሳቋ ብዛት ቆቧ ወልቆ መላጣዋ ታየ፤ ጓደኛዋ ራሷን ዳበስ አድርጋ «እንደ እንቁላል» አለቻት፣ ሁለቱም መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከመኪናዬ ላይ ቀና ብዬ አየኋቸውና እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ ጉድፍ ገና ሽፍታው ሳይታይ፣ በዋዜማው ይተላለፋል። ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ስለዚያ ቀን ማንንም አልወቅስም።

በማግሥቱ ልጅቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። በአጥሩ ላይ እናቷን ጠየቅኋት። «ፈተና ደርሶባት እያጠናች ነው» አለችኝ። የአንደኛ ክፍል ፈተና። ገርሞኝ ሳቅሁ። ለልጄም «ጓደኛሽ ፈተና ላይ ናት» አልኳት። እሷም ጠጠሮቹን በጨርቅ ቋጥራ ትራሷ ሥር አስቀመጠች።

ነገሩ የታወቀኝ በአፍንጫዬ ነው። በዓለ ሃምሳ ጾም የለበትም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ጎረቤቴ ደግሞ ወጥ ስትሠራ ቁሌቱ አጥር ተሻግሮ የእኔን ጨርቅ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚያሰኝ ሴት ናት፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተነታርከናል። አንድ ቀን የደንበኛ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ሳለ ጨርቁን አሸተትኩት፤ ምንም አይልም። ለስንት ቀን ነው ቁሌት ያልሸተተኝ? ቀና ብል መስኮቷ በጋቢ ተሸፍኗል። ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ ጉድፍ ወይ ኩፍኝ የገባበት ቤት እሳት ላይ ቁሌት አይጣድም፣ ሽታው ልጁን ይጎዳዋል ይባላል። ብርሃን አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የበሽታው ስም አይጠራም። ስሙን ከጠሩት ይጠናል ነው የሚባለው። «ልጆቹን ነካ አድርጓቸዋል» ብቻ ተብሎ ዝም ይባላል።

መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቼ ሄድኩ። ሳላንኳኳ በሯን ከፈትኩት። ልጅቱ ጨለማው ውስጥ መደብ ላይ ተኝታለች። ዓይኔ ሲለምድ ፊቷ ላይ ያለው ታየኝ። ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ መድረቅ ጀምሯል። ትናንት የወጣ አልነበረም።

«መቼ ነው የወጣባት?» አልኳት እናቷን።

እጇን አፏ ላይ ጭና ራሷን ነቀነቀች። «ቀስ በይ፣ ትሰማለች። ስሙን እንዳትጠሪው።»

«መቼ ነው?»

«እናንተ ዘንድ መጥታ በሄደች ማግሥት» አለችኝ።

ስሙን ጠራሁት። ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ጉድፍ፣ ጉድፍ እያልኩ ደጋግሜ ጠራሁት። ጎረቤቴ እየሮጠች ሄዳ የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ያዘችባት። «አስማልሽኝ፣ አውቃለሁ» ትለኛለች እያለቀሰች። «ከነገርኩሽ በልጅሽም ላይ ይጠናባታል ብዬ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ እንደዚህ ታሞ ሰው ሁሉ እየገባ ስሙን ሲጠራው ነው የሞተው። ያንቺንም ልጅ ይተዋታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» በክፋት አድርጋው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የምጠላት ሰው አገኝ ነበር።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ኔትወርኩ ቆረጥ ቀጠል እያለ ተሰማማን። ቀኑን አስቆጠረኝና «አሁንም ቀን አለን፤ ግን ጥቂት ነው» አለኝ። መርፌው ባሕር ዳር የለም፤ አዲስ አበባ ይፈለግ ተባለ።

«ለምን ይፈለጋል?» አልኩት። «በእኔም ወጥቶብኝ ያውቃል። ከኔ ቅዳላት። የጎረቤቴ ልጅም እየዳነች ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶበታል፤ ደጅህ ላይ አሰልፍልሃለሁ።»

«እናቴ» አለኝ፣ «ቢሆንልኝ እኔም እሰለፍ ነበር። የአንድ ሰው ደም አይበቃም። የብዙ ሰው ተጠራቅሞ፣ ውጭ አገር ፋብሪካ ገብቶ ተጣርቶ ነው የሚመጣው።» ያን ቀን የራሴን ክንድ ሳይ ዋልኩ። ሥሩ ይታየኛል። መድኃኒቱ እዚህ ውስጥ እየዞረ ልጄ አጠገቤ ትተኛለች።

የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባን አሰሰውና አገኘው። በበረዶ ሳጥን አድርጎ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ላከው፤ እዚያ የምናውቀው የሚኒባስ ሾፌር ተቀበለው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያን ዕለት መንገድ ተዘጋ። በእነዚህ ዓመታት እኛ አገር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገድ ተዘጋ ከተባለ ተዘጋ ነው፤ እስከ መቼ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሾፌሩ ከባሕር ዳር ወደ እኛ ሲመጣ ሐሙሲት ላይ ቀረ። «አይዞሽ፣ ሳጥኑን የግሮሰሪ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» ብሎ ደወለልኝ። በማግሥቱ መብራት እንደሄደ ሰማን። ከዚያ ስልኩም ጠፋ።

ሐሙሲት እኮ ለገበያ ጠዋት ሄጄ ከሰዓት የምመለስበት ቦታ ነው። ልጄን አዝዬም ሄጄበታለሁ። ባለቤቴ በባጃጅ ወጥቶ ከከተማው ዳር መለሱት። በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ሲነሳ ሽማግሌዎች «ልጅቱን ሳታድናት ሚስትህን መበለት ታደርጋታለህ» ብለው ያዙት። አጥሩን ተደግፎ ቆመ። እንደዚያ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

እኔ ጠዋት ጠዋት ልጄን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ ገላዋን አያለሁ። ብብቷን፣ ጀርባዋን፣ ራሷን።

«እማ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቁንጫ።»

«እኔ ላይ ቁንጫ የለም፣ በበረኪና ታጥቤያለሁ» ትልና ትስቃለች።

ሐኪሙ የቆጠረልን ቀን አለፈ፤ መንገዱ አልተከፈተም። ከዚያም ጥቂት ቀን ምንም ሳይታይባት ሰነበተች። ልቤ «ትቷታል» ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት ከጆሮዋ ኋላ አየሁት። የምስር ፍሬ የምታህል፣ ውሃ የቋጠረች።

«ቁንጫ አገኘሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል አስተኛናት። በሥሯ መድኃኒት ሰጧት፤ ያላቸውን አልሰሰቱም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሰፈር ሴቶች በር ላይ ይዘውኝ «ይህ ያለበት መርፌ አይወጋም፣ ወደ ጠበል ውሰጃት» ሲሉኝ ምን እንዳልኳቸው አሁን አልጽፈውም። የምትወጋው መርፌ እኮ ሐሙሲት ላይ ነው ያለው። በሽታው ሳንባዋ ገባ። መናገር ሲያቅታት በዓይኗ ጠራችኝና ጆሮዬን አስጠጋሁላት።

«ፈተናዋን ጨረሰች?» አለችኝ።

«ጨረሰች፣ የኔ ዓለም። ትመጣለች» አልኳት። በበነጋታው ዐረፈች።

ሳጥኑ የመጣው ለቅሶ ላይ ነው። መንገዱ እንደተከፈተ ሾፌሩ ራሱ ይዞት መጣና ድንኳኑ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ለማን እንደሚሰጠው አላወቀም። ከፍቼ አየሁት። በረዶው ቀልጦ ለብ ያለ ውሃ ሆኗል፤ መድኃኒቷ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ትዋኛለች። ለሌላ ልጅ እንኳ ትሁን ብዬ ሐኪሙን አስጠየቅሁት። ሙቀት ካገኛት አትሆንም አለ። ሾፌሩ አለቀሰ። እኔ አጽናናሁት፣ ምን ላድርግ።

ጎረቤቴ ድንኳኑ ዳር፣ ከሰው ተለይታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሰነበተች። ፊቴን አዞርኩባት። ልጇን አገግማ ስትነሣ አንበሳሜ አያቷ ዘንድ ልካታለች። ክረምቱን ሙሉ በአንድ አጥር እየኖርን አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ዝናቡ ዘንቦ አባራ። ቁሌቱ መሽተት ጀመረ፤ እኔም አልተነታረኩም። የበሩን ገመድ ግን አልፈታሁትም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እጄ አልሄደም።

መስከረም ገብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ከመስኮቱ ሥር እየሰፋሁ ሳለ ገመዱ ጋ አንድ ልጅ ቆሞ አየሁ። እሷ ናት። ቁመቷ ጨምሯል። ግንባሯ ላይ ጉድፉ የተወው ጠባሳ አለ። ወጣሁ። ሁለት መዳፏን ዘርግታ «አሽትቺኝ» አለችኝ።

ክንዷ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል አለ። ወደ ዓይኔ ከፍ አደረገችልኝ፤ ጠጠር ነው። «ከወንዝ ለቅሜ ነው። በበረኪና አጥቤያቸዋለሁ፤ አያቴ ልብስሽን አበላሸሽ ብላ ተቆጣችኝ» አለችኝ። «እናቴ ሆስፒታል ናት ብላኛለች። ተመለሰች?»

ቀና ብል እናቷ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ይህንንም ሳትነግራት ኖራለች። ንዴቴ ተነሣ። ይህች ሴት እስከ መቼ ነው ዝም የምትለው ብዬ ገመዱን ፈትቼ ጣልኩት፤ ልጅቱ ፊት ተንበረከክሁ። ክንዷን ያዝኩት፤ ቀጭን ነው፣ ይሞቃል። ልጄን የሚያድናት ነገር እዚህ ክንድ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

«ሞታለች፣ የኔ እናት» አልኳት።

አላለቀሰችም። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። «በምን?» አለችኝ።

ስሙ አፌ ላይ መጣ። ለመጥራት እኔን የሚቀድመኝ ሰው የለም፤ ያን ቀን ሰፈር እስኪሰማ ጠርቼዋለሁ። ልጅቱ መልሴን ስትጠብቅ ግንባሯን፣ ጠባሳውን እከክ እከክ ታደርጋለች። እናቷ ከአጥሩ ወዲያ መተንፈስ አቁማለች።

«በዚያው በበሽታዋ ነው» አልኳት። «ፀጉሯ ረግፎ አልነበር? እሱ ነው።»

ስሙን አልጠራሁትም። እስካሁንም እሷ ፊት ጠርቼው አላውቅም። ይህን ስጽፍም የማንንም ስም ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የእናቷ ልቅሶ ሲሰማኝ ልጅቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ፤ ማንም ዝም በይ ሳይለኝ።

ስትሄድ ፌስታሉን እጄ ላይ ተወችልኝ። ጠጠሮቹን ትራሴ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ለብዙ ጊዜ በረኪና ይሸቱ ነበር።